ቀዳዳው በካሬ ስንት ነው?

ደሴ ፒያሳ ላይ ዋጋ የማይጠየቅለት ነገር የለም። ከመጠየቅም አልፎ ክርክር ይነሣበታል። የባጃጅ ኮንትራት፣ የሽንኩርት ኪሎ፣ የሸሚዝ፣ የጫማ ማስጠገኛ፣ ሁሉም "እስቲ ቀንስ፣ አብሽር፣ ደንበኛ ነኝ" ተብሎበት ነው የሚከፈለው። በየቀኑ እየተሸጠና እየተገዛ እስከ ዛሬ ዋጋ ያልወጣለት ዕቃ አንድ ብቻ ነው። እሱም ቀዳዳ ነው።

የኪስና የጣሪያ ቀዳዳ ማለቴ አይደለም፤ የእነሱን ዋጋ ሁላችንም እናውቃለን። የ"መ"ን ሁለት ዓይን፣ የ"ዐ"ን ሆድ፣ "ደሴ" ብለን ስንጽፍ "ሴ" እግሯ ላይ የምታንጠለጥላትን ቀለበት ማለቴ ነው። ፊደልን ፊደል የሚያደርገው ቀለሙ ብቻ ይመስለናል እንጂ ቀለም ያልነካው ቦታም እኩል ይሠራል። የ"ዐ"ን ሆድ ድፈኑትና እዩት፤ የሚተርፋችሁ ድንቡሎ ነው።

ይህን ጉዳይ የማውቀው ከአንድ ወዳጄ ሱቅ ነው። ወዳጄ ባነር ያሳትማል፣ ስቲከር ይቆርጣል፣ ማኅተም ያስቀርጻል፣ ሠርግ ሲደርስ የጥሪ ካርድ ይሠራል። ሱቁ ጠባብ ናት። ኮምፒውተሩ፣ ፕሎተሩና እሱ ራሱ ቦታ ከያዙ በኋላ የሚተርፈው ለአንዲት በርጩማ ብቻ ይበቃል፤ በርጩማዋን የያዝኳት እኔ ነኝ። እዚያ የምቀመጠው ሥራ ኖሮኝ አይደለም። ፒያሳ ላይ የሰው ምኞት እንደዚያ በቅርብ የሚታይበት ቦታ ስለማላውቅ ነው። ሰው ሁሉ የሆነውን ሳይሆን ሊሆን የሚፈልገውን ይዞ ይመጣል፤ ወርዱ ሦስት ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ረቂቅ ጥበብ ይመስላል። ከበርጩማዬ ሲታይ ግን አብዛኛው ኮሬል ድሮው በሚሉት የሥዕል ሶፍትዌር ላይ አራት ትእዛዝ እያፈራረቁ መጫን ነው። ዌልድ ሁለት ቅርጽ ያዋህዳል። ትሪም በአንዱ ቅርጽ ሌላውን ይቆርጣል። ኢንተርሴክት ሁለቱ የተደራረቡበትን ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ይጥላል። ኮምባይን ሁለቱን አንድ አካል ያደርግና የተደራረቡበትን ይበሳዋል። ኢለስትሬተር የለመዱት ይህንኑ ፓዝፋይንደር ከሚሉት ሳጥን ያወጡታል። በነፃ የሚገኘው ኢንክስኬፕማ ነገሩን የአንደኛ ክፍል ሒሳብ አድርጎታል፤ ለማዋሃድ ኮንትሮልና የመደመር ምልክት፣ ለመቁረጥ ኮንትሮልና የመቀነስ ምልክት። ኢለስትሬተር እ.ኤ.አ. በ1987 ከአሜሪካ፣ ኮሬል ድሮው በ1989 ከካናዳ ነው የወጡት። የሠሯቸው ሰዎች ስለ ወሎ ምን ያህል እንደሚያውቁ እንጃ፤ ትእዛዞቹን ግን ለወሎ ብለው ያዘጋጇቸው ነው የሚመስለው።

ለምን በሉኝ። መስቀል ለመሥራት ሁለት ቀጫጭን አራት ማዕዘኖች ይሣላሉ፤ አንዱን አቁሞ፣ አንዱን አጋድሞ፣ ዌልድ። ጨረቃ ለመሥራት ሁለት ክብ ይሣላል፤ አንዱን በሌላው ላይ ትንሽ ገፋ አድርጎ፣ ትሪም። መስቀል ይደመራል፣ ጨረቃ ይቀነሳል። ወዳጄ ጥምቀት ሲቃረብ ሲደምር ይሰነብታል፣ ረመዳን ሲገባ ሲቀንስ ይሰነብታል። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ኢድ አል ፈጥር ደግሞ ሚያዝያ 13 ሲውሉ መደመርና መቀነሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተደራረበበት። የዚያን ሰሞን አንድ ሰውዬ መጡ። ከፊል ቤተሰባቸው ክርስቲያን፣ ከፊሉ ሙስሊም ነው፤ ወሎ ላይ ይህ ወሬ አይሆንም። ወሬ የሚሆነው ትእዛዛቸው ነው።

"መስቀሉም ጨረቃውም ይግባ።"

"እሺ ጋሼ። የት የት ላድርጋቸው?"

"ጎን ለጎን። እንዳይነካኩ፣ ግን ደግሞ እንዳይራራቁ። አንዱም ከሌላው እንዳይበልጥ።"

ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ ኮሬል ውስጥ የለም። ወዳጄ ማውሱን እየገፋ፣ ሰውዬው አንገታቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዘነበሉ፣ እኔም ሳልጠየቅ አስተያየት እየሰጠሁ ተሠራ። ጨረቃ ሆዷ የተቀነሰ በመሆኑ በቁመት እኩል ብትሆንም ቀለል ብላ ትታያለች። ስለዚህ ትንሽ ማሳደግ አስፈለገ። ሰውዬው ግን በማስመሪያ ለኩት። ለክተውም "ይበልጣል" አሉ። ዓይንና ማስመሪያ ሲጣሉ ማንን ማመን እንደሚገባ እስካሁን አልተስማማንም።

ከትእዛዞቹ ሁሉ ተንኮለኛው ትሪም ነው። ማን ቆራጭ፣ ማን ተቆራጭ እንደሚሆን የሚወሰነው በተመረጡበት ቅደም ተከተል ነው። ኮሬል ላይ ሺፍት ይዛችሁ አንድ በአንድ ስትመርጡ መጨረሻ የተመረጠው ነው የሚቆረጠው። በአንድ ጊዜ ከብባችሁ ከመረጣችኋቸው ደግሞ የሚቆረጠው ከሁሉም በታች ያለው ነው። ኢለስትሬተርም ቢሆን ከፊት ያለውን ቢላ አድርጎ ከኋላ ያለውን ይቆርጣል። ወዳጄ ይህን ለተለማማጁ ሲያስረዳ የሰማ አንድ ደንበኛ "እሱማ የታወቀ ነው፤ ዘግይቶ የተመረጠና ከታች የተገኘ ምን ጊዜም ይቆረጣል" አለና ሻዩን ፉት አለ። እኔ ያወራሁት ስለ ሶፍትዌር ነው፤ ሌላ የሰማችሁት ነገር ካለ ከደንበኛው ጋር ተነጋገሩ።

ተለማማጅ ካነሣን አይቀር፣ የዚህ ሙያ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ፤ የውሸት ቀዳዳ። ጥቁር ክብ መሐሉን መብሳት ሲፈልግ ትሪሙን ትቶ ነጭ ክብ ይደርብበታል። ስክሪኑ ነጭ ነው፣ ወረቀቱ ነጭ ነው፣ ስለዚህ የተበሳ ይመስላል። ደንበኛውም አይቶ ይደሰታል፤ ቀብድም ይከፍላል። ጉዱ የሚፈላው ሥራው ሰማያዊ ባጃጅ ላይ የሚለጠፍ እንደሆነ ነው። እውነተኛ ቀዳዳ ቢሆን ሰማያዊው ባጃጅ በቀዳዳው ብቅ ይል ነበር። የውሸት ቀዳዳው ግን ነጭነቱን ይዞ እንደ ሞራ ዓይኑ ላይ ይጋረጣል። ነጭ ግድግዳ ላይ ብቻ የሚያምር ቀዳዳ ቀዳዳ አይባልም።

ይህ ለኅትመት ሲሆን ነው። ስቲከር ቆራጩ ፕሎተር ጋ ሲደርስ ደግሞ ጣጣው ይብሳል፤ ፕሎተር ቀለም አያይም። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ለሱ ሁሉም አንድ ነው። የሚያየው መስመር ብቻ ነው፤ መስመር ባየበት ሁሉ ቢላውን ይነዳል። ቅድም የሠራነውን መስቀል ዌልድ ሳታደርጉ ላኩለት። ስክሪኑ ላይ የተሟላ መስቀል ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ፕሎተሩ ግን የቆመውን አራት ማዕዘን ዙሪያውን ይቆርጣል፣ ቀጥሎ የተጋደመውን ዙሪያውን ይቆርጣል፤ ሁለቱ የተሻገሩበትን መሐል አራቱንም ጎኑን ይለየዋል። ስቲከሩን ስታነሡት መስቀሉ አምስት ቦታ ሆኖ ይመጣል፤ አራት ክንድና አንድ እምብርት። ዌልዱን ትታችሁ ኮምባይን ብትሉት ደግሞ አራቱ ክንዶች ማዕዘን ለማዕዘን ብቻ ተነካክተው፣ እምብርቱ ባዶ ይሆናል። ኮምባይን የሚሄደው በመስመር ቆጠራ ነው፤ ከውጭ ተነሥተህ አንድ መስመር ስትሻገር ገባህ፣ ሁለተኛውን ስትሻገር ወጣህ ይላል። የመስመሩ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ ቦታው ይሞላል፣ ሙሉ ከሆነ ይጎድላል። ጎዶሎው የሚሞላበት፣ ሙሉው የሚጎድልበት ሌላ ቦታ ካወቃችሁ ንገሩኝ።

የፊደሎቻችን ነገር ከዚህ መደራረብ ጋር የቆየ ቂም አለው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ታይፕ ሲያበጁ ያ ሁሉ የፊደል ብዛት በአንድ መኪና ቁልፎች ላይ አይሰፍርምና፣ የፊደሉን ገላ አንዴ፣ ቅጥያውን ሌላ ጊዜ እየመቱ ማገናኘት ግድ ሆነ። ስለዚህ በዚያ ታይፕ የተጻፈ የመንግሥት ደብዳቤ ላይ "ሴ" ቀለበቷን ከእግሯ ትንሽ ራቅ አድርጋ፣ "ሊ" ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ አስቀምጣ ትታያለች። ያ ታይፕ ዌልድ የሚያደርግለት አላገኘም። ኮምፒውተር ከመጣ በኋላም ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚሉት ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከተሠሩት ፎንቶች አንዳንዶቹ ይህንኑ ዘዴ ወርሰዋል፤ ገላው ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ ተሥሎ ይደረባል። ጽሑፉን እንዳለ ካተሙት ማንም አያውቅም። ወደ ከርቭ፣ ማለትም ወደ መስመር፣ ለውጠው ኮምባይን ሲያደርጉት ግን ቀለበቱ እግሩን የነካበት ቦታ ላይ ነጭ ቁስል ይከፈታል። ወዳጄ እንዲህ ያለ ፊደል ሲመጣበት እንደ ወጌሻ ነው የሚሠራው። ኮንትሮል ኬ ብሎ ያፈርሰዋል፣ እግሩንና ቀለበቱን ለይቶ ይይዛል፣ ዌልድ ብሎ ይጠግነዋል፣ ከዚያ የቀለበቷን ውስጥ እንደገና ይበሳል። የመጨረሻዋን ከረሳት "ደሴ" እግሯ ላይ ቋጠሮ አስራ ትወጣለች።

አሁን ዓይኖቹ ወደሚለቀሙበት መርፌና ወረንጦ እንምጣ።

ፕሎተሩ ጮሆ ጮሆ ሲያበቃ ስቲከሩ ምንም የሆነ አይመስልም። እንደ ገባ ወጥ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ቢላው የቆረጠው የላይኛውን ብቻ ነው፤ ከሥር ያለው የሚያዳልጥ ወረቀት ሳይነካ ሁሉን ተሸክሞ ይዞታል። ወዳጄ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መብራቱን ዝቅ ያደርጋል። መጀመሪያ ዙሪያውን ይልጣል። ይህ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ጫፉን ይዞ ቀስ ብሎ ሲስበው ትርፉ ተያይዞ ይነሣና ፊደሎቹ ብቻቸውን ተሰልፈው ይቀራሉ። ቀጥሎ ዓይኖቹ። "ወርቅ ቤት" የሚል ነው እንበል። "ወ" ሁለት፣ "ቅ" ሁለት፣ "ቤ" አንድ። የመጀመሪያዋን ዓይን ጠርዟን በመርፌ ቀና ያደርጋታል፣ በወረንጦ ይይዛታል፣ ትንፋሹን ውጦ ያወጣታል። የወጣችው ዓይን መሬት ብትወድቅ በታደለ፤ ጣቱ ላይ ትለጠፋለች። ከጣቱ ሲያራግፋት ክንዱ ላይ፣ ከክንዱ ሱሪው ላይ ታርፋለች። ማታ ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ከሸሚዙ ላይ ቀያይ ነጥቦች እየለቀመች "ዛሬ ደግሞ ስንት ደመወዝ ይዘህ መጣህ?" ትለዋለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ድካም የሚከፈለው በካሬ ነው። አንድ ካሬ ላይ "ሰሰሰ" ብትጽፉ፣ አንድ ካሬ ላይ "መወቀ" ብትጽፉ ሒሳቡ ያው ነው። የመጀመሪያው ላይ አንድም የሚለቀም የለም፤ ሁለተኛው ስድስት ዓይን አለው። ወዳጄ አንድ ጊዜ ድፍረት አግኝቶ ዋጋው ላይ ትንሽ ጨምሮ ተናገረ። ደንበኛው ነጋዴ ነበር።

"ለምንድን ነው የጨመርከው?"

"ለቀዳዳው ነው ወንድሜ። አንድ በአንድ ነው የሚለቀመው።"

"ቀዳዳው እኮ ስቲከር የለውም።"

"አዎ፣ ወጥቶ ነዋ።"

"እንዲያውም የወጣው ተለክቶ ሊቀነስልኝ ይገባል። በሌለ ነገር አስከፍለኸኝ በሌለ ነገር ትጨምርብኛለህ?"

ወዳጄ መልስ አጣ። እኔም አሰብኩበት፤ እንደ ሸቀጥ ካየነው ነጋዴው ልክ ነው፣ እንደ ሥራ ካየነው ወዳጄ ልክ ነው። የእኔ ፍርድ ቀዳዳ በካሬ ሳይሆን በፍሬ መሸጥ አለበት የሚል ነው፤ እንደ እንቁላል። ነጋዴው ግን ይህን ሲሰማ ምልክቱን ሳያሠራ ሊሄድ ተነሣ፤ ወዳጄም በድሮው ዋጋ አስቀመጠው።

ሌላ ጊዜ የመጡት ሐጂ ደግሞ ዋጋ ላይ አልተከራከሩም። ለሱቃቸው መስታወት ስቲከር አሠርተው፣ ወዳጄ ሲለቅም ደጃፉ ላይ ቆመው በትዕግሥት ሲመለከቱ ቆዩና፣ ሲጨርስ፣

"ልጄ፣ ይሄ የወጣው የማን ነው?" አሉት።

"የትኛው ሐጂ?"

"ይሄ የለቀምከው።"

"ቆሻሻ ነው፤ ይጣላል።"

"ተከፍሎበታል አይደል?"

"በካሬ ስለሆነ... አዎ፣ ተከፍሎበታል።"

"እንግዲያ ፌስታል ውስጥ አድርግልኝ።"

አደረገላቸው። የተላጠውን ዙሪያ፣ የ"መ"ን ዓይኖች፣ የ"ቤ"ን ቀለበት፣ ከሱሪው ላይ ያሉትን ሳይቀር ለቅሞ አስረከበ። ምን እንዳደረጉበት እንጃ። ፒያሳ ላይ ቀዳዳውን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ይዞ የሄደ የማውቀው እሳቸውን ብቻ ነው።

ባዶ ቦታ በጠቅላላው ጠላቱ ብዙ ነው። ባነር የሚያሠራ ሰው ባዶ ካየ የተሰረቀ ይመስለዋል። ምግብ ቤት ሊከፍቱ የመጡ እትዬ፣ በአንድ ባነር ላይ ክትፎ፣ ሽሮ፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ፓስታ፣ ጁስ፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ "እንኳን ደህና መጡ" እና የጽጌረዳ አበባ አስገብተው፣ ከላይ ቀኝ ጥግ ላይ መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ቦታ ተረፈች። ጣታቸውን ቀሰሩባት።

"እዚህ ጋ ምንድን ነው?"

"ምንም አይደለም እትዬ። ለዓይን ማረፊያ ነው።"

"ዓይኑ ቤቱ ሄዶ ይረፍ! እዚህ ጋ ዶሮ ወጥ አስገባልኝ።"

ዶሮ ወጧ ገባች። የፒያሳ ባነር ለምን ከሩቅ አይነበብም የምትሉ ካላችሁ መልሱ ይኸው ነው፤ ማረፊያዋ ላይ ወጥ ተደፍቶባታል። ወዳጄን አልወቅሰውም። በካሬ ለሚከፍል ሰው ባዶውን ቦታ እንዴት አድርጎ "ይህም ሥራ ነው" ይበለው?

እኔ ብሆን ላሊበላን ለምስክርነት አስጠራ ነበር። ከእኛው ወሎ፣ ወደ ሰሜን ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ላይ ግድግዳ ለማቆም ተቀባብሎ የተካበ ድንጋይ የለም፤ ሁሉም ከአለቱ የተቀነሰ ነው። መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው አለቱን ለዩት፤ ቀጥለው ውስጡን ፈልፍለው በርና መስኮት አወጡለት። ወዳጄ እንደሚሠራው ማለት ነው፤ መጀመሪያ ዙሪያውን ይልጣሉ፣ ከዚያ ዓይኑን ያወጣሉ። ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ሦስት መስቀሎች አሉ፤ ጎዶሎና ሙሉ የሚቆጥር ሰው ቆሞ የሚደመምባቸው። ይህን ሁሉ ሲሠሩ የተሳሳተውን የሚመልስ ኮንትሮል ዜድ አልነበራቸውም። ጠራቢው አንድ ዓምድ በስሕተት ቢቀንስ መልሶ የሚለጥፍበት ሙጫ የለም። የላሊበላን አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲመዘግብ የተመዘገበው በአብዛኛው ቀዳዳ ነው። የወጣውን ድንጋይ በፌስታል የጠየቀ ሐጂ ወይም ቄስ እንዳልነበረ ግን ተስፋ አደርጋለሁ።

ወዳጄ የራሱን ኮንትሮል ዜድ ያጣበት ጊዜም አለ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስና ከተሞቹ ሲዘረፉ ኮምፒውተሩ አብሮ ተወሰደ። ኮምፒውተሩ ሌላ ይገዛል፤ ውስጡ የነበረው የደንበኛ ሁሉ ሎጎ ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ደንበኞች የድሮ ባነራቸውን በስልክ ፎቶ አንሥተው "ይህንኑ ድገምልኝ" እያሉ ይመጡ ጀመር። ፎቶውን ትሬስ በሚሉት መሣሪያ ወደ መስመር ሲቀይረው ኮምፒውተሩ የዝንብ ኩስም፣ የገመድ ጥላም ቅርጽ ነው ብሎ ይስልለታል። አንድ "ወ" መቶ ትንንሽ ቀዳዳ ይዛ ትመጣለች። ወዳጄ ትሬሱን ተወው። ክቡን በክብ፣ ቀጥታውን በቀጥታ፣ በዌልድና በትሪም ከተማውን እንደ አዲስ ሣለው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ አንዳንዱ ምልክት ላይ ጨረቃው ከድሮው ቀጠን ብሏል፣ አንዳንዱ ዋንጫ ላይ እጀታው ወፍሯል። ባለቤቶቹም ለምደውታል።

ሰሞኑን ፋሽኑ የብረት በር ሆኗል። ላሜራ በሌዘር ተቆርጦ፣ ሐረግ፣ አበባና ጽሑፍ ተፈልፍሎበት፣ ማታ የግቢው መብራት በቀዳዳው ወደ መንገድ ሲወጣ በእርግጥ ያምራል። ወዳጄ ሥዕሉን ይሠራና ፋይሉን በፍላሽ አድርጎ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሀረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ፣ ኮምቦልቻ ለቆራጮቹ ይሰጣል። እነሱም ፍላሹን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ "ከርቭ አድርገኸዋል?" ከርቭ ያልሆነ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፎንቱን ካላገኘ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ይመጣልና፣ በስንት ብር ላሜራ ላይ ሳጥን ከመቁረጥ መጠየቁ ይሻላል።

ብረት ግን ከስቲከር የባሰ ጠባይ አለው። ስቲከር ላይ ዓይኑ ይወጣል፣ ፊደሉ ይቀራል። ብረት በር ላይ የሚወጣው ፊደሉ ራሱ ነው። ፊደሉ ሲወጣ ዓይኑን የሚይዘው ነገር ስለሌለ አብሮ ይወድቃል። "መ" ሁለት ዓይኗን አጥታ ሁለት ክብ ጉድጓድ ትሆናለች። በድሮ ጊዜ በቆርቆሮ ቅድ ላይ ቀለም እየረጩ ቁጥር የሚጽፉትም ይህንኑ ያውቁታል፤ የ"8" ሁለት ሆድ እንዳይወድቅ ቀጭን ድልድይ ይተዉለታል።

ባለፈው አንድ አዛውንት ለአዲሱ ቤታቸው በር ሊያሠሩ ሱቅ መጡ።

"'ማሻአላህ' ይባልልኝ፣ ከፍ አድርገህ።"

"እሺ አባባ። ግን 'ማ' ላይ ድልድይ ላስገባበት።"

"ድልድይ? ድልድይ ለቦርከና ወንዝ ነው እንጂ ለበሬ ምን ያደርግለታል?"

ወዳጄ ወረቀት በመቀስ ቀዶ አሳያቸው። የ"ማ" ዓይኖች ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። አዛውንቱ አንሥተው አገላበጧቸው።

"ድልድዩ ይታያል?"

"እንደ ክር ቀጭን ነው፣ ግን ይታያል።"

"እኔ በሬ ላይ የተጠገነ የሚመስል ነገር አልፈልግም። ሌላ ቃል እንፈልግ። 'ቢስሚላህ' በለው።"

"'ሚ' አለበት አባባ። እሱም ሁለት ዓይን ነው።"

"'አልሐምዱሊላህ'።"

"'ም' አለበት።"

"'ሰላም ለዚህ ቤት'።"

"ያው 'ም'።"

እኔም ከበርጩማዬ ላግዝ ብዬ "እንኳን ደህና መጡ" አልኩ፤ "መ" አለበት። ከውጭ ሆኖ የሚሰማ ባጃጅ ነጂ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ፤ "መ" እና የ"ሔ" ቀለበት። የቤት በር ላይ የሚጻፍ ደግ ቃል ሁሉ እየተፈተሸ አንዷ "መ" ወይም ዘመዷ ከውስጡ እየተገኘች ትንሽ ዝም አልን። አዛውንቱ ከዘራቸውን መሬት ላይ ቆም አደረጉና፣

"እንግዲያው 'ውሻ አለ' በልበት" አሉ።

"'ው' አለበት አባባ።"

"ተወው ታዲያ፤ ውሻም የለኝ።" ከኪሳቸው ቀብዱን አወጡ፣ ግን ወዲያው አልሰጡትም። "'ማሻአላህ' ይሁን ከነድልድዩ። ድልድዩስ በካሬ ነው በሜትር?"